የመጠይቁ የመጀመሪያ ገጽ፦ በሕመም ጥናቶች ውስጥ የማኅበራዊና የሥነ ሕዝብ መረጃ አሰባሰብ ሲመረመር

ስለ ሰው ልጅ ሕመም የሚካሄድ ጥናት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በአንድ በር ይገባል። ተመራማሪው የሚጠይቀው ስለ ወገብ ውጋትም ይሁን ስለ ራስ ፍልጠት፣ ስለ ምጥም ይሁን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚሰማ ሥቃይ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቱ በፊት ጾታ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ ብሔረሰብ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ሥራና የወር ገቢ የሚሉ ሣጥኖች የተደረደሩበትን ገጽ ያቀርባል። ይህ ገጽ እንደ ሰላምታ ይቆጠራል። ተጠያቂው ይመልሰዋል፣ መረጃ ሰብሳቢው ምልክት ያደርግበታል፣ ተመራማሪውም በጥናቱ የመጀመሪያ ሠንጠረዥ ላይ ያሰፍረውና ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ገጹ ሰላምታ አለመሆኑን ማሳየት ነው። እያንዳንዱ ሣጥን ስለ ሕመም የተሰነዘረ አንድ መላ ምት ነው፤ ጠያቂው መላ ምቱን ሳያውቅ ከጠየቀ፣ የሚያገኘው ቁጥር የጠያቂውን ልማድ እንጂ የታማሚውን ሕመም አይገልጽም።

ነገሩ የጤና ባለሙያዎች ጉዳይ ሆኖ ሳለ በትምህርት ምርምር መጽሔት ላይ መነሣቱ አንዳንድ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ይሁን እንጂ መምህሩ ከዚህ ገጽ ጋር በሦስት ወገን ይገናኛል። በመጀመሪያ ራሱ ተጠያቂ ነው፤ በቅርብ ዓመታት በጎንደር፣ በመቀሌና በአዲስ አበባ ስለ ትምህርት ቤት መምህራን የወገብ፣ የትከሻና የአንገት ሕመም ጥናቶች ተካሂደዋል። ከዚያም በገጠርም ሆነ በከተማ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞረው ብዙ ጊዜ መምህር ነው። ከሁሉም በላይ ግን ዕጩ መምህራን መጠይቅ ማዘጋጀትን የሚማሩት በእኛው ኮሌጆች ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያውን ገጽ አንዱ ከሌላው ሲገለብጥ የምናየውም እዚያው ነው።

ገጹ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለመረዳት በመስኩ እንደ ፈር ቀዳጅ ከሚቆጠረው ከማርክ ዝቦሮውስኪ ሥራ መነሣት ይጠቅማል። ዝቦሮውስኪ በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በተባለው ክፍል በሚገኘው የኪንግስብሪጅ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ያካሄደውን ጥናት በ1952 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሐሳቡን አስፍቶ በመጽሐፍ አወጣው። በመጀመሪያው ጽሑፍ የተጠቀሱት ተጠያቂዎች 103 ሲሆኑ፣ 87ቱ በሕመም ላይ የነበሩ ታካሚዎች፣ 16ቱ ጤነኞች ነበሩ። በትውልድ ሲከፋፈሉ 31ዱ አይሁዶች፣ 26ቱ «ነባር አሜሪካውያን»፣ 24ቱ ጣሊያናውያን፣ 11ዱ አየርላንዳውያን፣ የቀሩት 11 ከልዩ ልዩ ወገን ነበሩ።

ጥናቱ ያስገኘው ፍሬ ቀላል አይደለም። ሐኪሞቹ አይሁዱንም ጣሊያናዊውንም ሕመሙን የሚያጋንን ሰው እያሉ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። ዝቦሮውስኪ ግን የሁለቱ ጩኸት አንድ ቢመስልም ትርጉሙ የተለያየ መሆኑን አሳየ። ጣሊያናዊው የሚፈልገው አሁን የያዘው ውጋት እንዲለቀው ነው፤ ማስታገሻ ሲሰጠው ፊቱ ይፈታል። አይሁዱ ማስታገሻውንም ይጠራጠራል፤ የሚያስጨንቀው ሕመሙ የምን ምልክት እንደ ሆነና ለነገ ኑሮው ምን ይዞ እንደሚመጣ ነውና። ነባሩ አሜሪካዊ ደግሞ ስለ ራሱ ሕመም እንደ ሌላ ሰው ነገር ረጋ ብሎ ያስረዳል፤ ሲብስበትም ከሰው ፊት ገለል ማለትን ይመርጣል። ከውጭ የሚታየው ጠባይና በውስጥ ያለው አስተሳሰብ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በዚህ ዓይነት ግልጽነት ያስቀመጠ ጥናት ከዚያ በፊት ማግኘት ያስቸግራል። ለዚህም ጸሐፊው ምስጋና ይገባዋል።

ሂሱ የሚጀምረው ሣጥኖቹ ከየት መጡ ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ዝቦሮውስኪ ራሱ እንደ ገለጸው ወገኖቹ የተመረጡት የሆስፒታሉ ሰዎች ስለ እነርሱ ይናገሩት በነበረው ነገር ነው፤ አይሁዶችና ጣሊያናውያን ያጋንናሉ፣ አየርላንዳውያን ይችላሉ ይባል ነበር። ነባር አሜሪካውያን የተመረጡት ደግሞ በአገሪቱ የሚገዛው አስተሳሰብ የእነርሱ በመሆኑና ብዙዎቹ ሐኪሞችም የሚጋሩት በመሆኑ ነው። እንግዲህ ሣጥኖቹ የተሠሩት በሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ በሚወራ ወሬ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የነባር አሜሪካውያን ሣጥን አሠራርም ልብ ሊባል ይገባዋል። ከውጭ አገር ከመጣ ከማንኛውም ወገን ጋር ራሳቸውን የማያዛምዱ፣ ቢያንስ አያቶቻቸው በአሜሪካ የተወለዱ ነጮች ናቸው ተብለው ተተረጎሙ። ይህ ወገን ልዩ ባሕል እንዳለው ሳይሆን ባሕል እንደሌለው ሆኖ ቀረበ፤ የሌሎቹም ጠባይ ከእርሱ በራቁበት ርቀት ተለካ።

ሁለተኛው ጉድለት በሣጥኖቹ ውስጥ ሳይሆን ከሣጥኖቹ ውጭ ያለው ነው። ሆስፒታሉ የቀድሞ ወታደሮች ስለ ነበር ታካሚዎቹ ወንዶች ናቸው፤ የአብዛኞቹም ችግር ከጀርባ አጥንትና ከነርቭ ጋር የተያያዘ ነበር። ከዚህ የተገኘው ግን የወታደር ወንዶች የጀርባ ሕመም ተብሎ አልተነበበም፤ የአይሁድ ሕመም፣ የጣሊያን ሕመም ተብሎ ተነበበ። ጾታ በሣጥን ውስጥ ስላልነበረ ጥያቄ መሆኑ ቀረ። (በነገራችን ላይ ይህ ልማድ በሰዎች ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ግምገማ እንደሚያመለክተው፣ ቀደም ባሉት ዐሥር ዓመታት በአንድ ታዋቂ የሕመም ምርምር መጽሔት ከወጡት የእንስሳት ጥናቶች 79 በመቶ የሚሆኑት የተካሄዱት በወንዴ እንስሳት ላይ ብቻ ነበር።)

ሦስተኛው ጉድለት የአንባቢዎቹ ነው። ዝቦሮውስኪ በየወገኑ ውስጥ ልዩነት እንዳለ፣ ሰውየው ወይም ቤተሰቡ አሜሪካ ከገባ የቆየበት ዘመን፣ የኑሮ ደረጃው፣ ትምህርቱና ሃይማኖተኝነቱ ሁሉ ጠባዩን እንደሚለውጡት ጽፎ ነበር። ይህ ማስጠንቀቂያ በየማጠቃለያው እየተጣለ ሄደ፤ የቀረው የወገኑ ስምና ጠባዩ ብቻ ሆነ። ነገሩ የት እንደሚያደርስ በ2017 እ.ኤ.አ. ታየ። በአሜሪካ አንድ ታላቅ የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚ ለነርስ ተማሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ለሕመም የሚሰጡትን ምላሽ በዝርዝር የያዘ ገጽ ይገኝ ነበር። እስላሞች ማስታገሻ ላይጠይቁ ይችላሉ፣ አይሁዶች ርዳታ አጥብቀው ይሻሉ፣ ጥቁሮች ሕመማቸውን ከሌሎች አብልጠው ይናገራሉ የሚል ይዘት ነበረው። ከሕዝብ ብርቱ ወቀሳ በተሰነዘረ ጊዜ አሳታሚው ይቅርታ ጠይቆ ገጹን አነሣ። የሥርዓተ ትምህርት ሠራተኛ እንደ መሆኔ ይህ ገጽ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። በመጠይቅ ላይ የተደረገች ምልክት ወደ ሠንጠረዥ፣ ከሠንጠረዥ ወደ ማጠቃለያ፣ ከማጠቃለያ ወደ መማሪያ መጽሐፍ ስትገባ፣ በመጨረሻ በአንዲት ነርስ አእምሮ ውስጥ ታማሚው አፉን ከመክፈቱ በፊት የተሰጠ መልስ ትሆናለች።

እንዲህ ከሆነ ስለ ወገን ጨርሶ አለመጠየቅ ይሻላል የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ አልስማማም፤ የማልስማማበትንም ምክንያት የሎስ አንጀለሱ ጥናት ያስረዳል። በ1993 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ጥናት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የረጃጅም አጥንት ስብራት ይዘው የመጡ 139 ሰዎች መዝገብ ተመረመረ። ከላቲን አሜሪካ ተወላጆች መካከል ምንም ማስታገሻ ያልተሰጣቸው 55 በመቶ ሲሆኑ፣ ከነጮቹ መካከል ግን 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቋንቋ፣ የጾታና የመድን ዋስትና ልዩነት ከግምት ከገባም በኋላ ልዩነቱ አልጠፋም። ምናልባት ሐኪሞቹ የእነዚህን ሰዎች ሕመም መጠን መገመት ተስኗቸው ይሆናል ተብሎ ታሰበ፤ በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ጥናት ግን ሐኪሞች የሁለቱንም ወገን ሕመም የሚገምቱት በእኩል መጠን መሆኑን አሳየ። በአትላንታ ከተማ ተመሳሳይ ምርመራ ተደርጎ በ2000 እ.ኤ.አ. ሲታተም ማስታገሻ ያገኙት ከነጮች 74 በመቶ፣ ከጥቁሮች 57 በመቶ ሆነው ተገኙ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ከተጠየቁት የሕክምና ተማሪዎችና ተለማማጅ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ ስለ ጥቁሮች አካል የቆየ ሐሰተኛ እምነት፣ ለምሳሌ ቆዳቸው ከነጮች የወፈረ ነው የሚለውን ዓይነት፣ ቢያንስ አንዱን እንደሚቀበሉ ታወቀ።

አንባቢ እንደሚመለከተው በብሮንክስም ሆነ በሎስ አንጀለስ የተሞላው ሣጥን አንድ ነው። የመጀመሪያው ጥናት ግን ይህ ሰው እንዲህ የሚጮኸው ከማን ወገን ቢሆን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ሁለተኛው ይህ ሰው ከማን ወገን በመሆኑ ምን ተደረገለት ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው ሣጥኑን በታማሚው ላይ አነጣጠረ፤ ሁለተኛው በሚያክመው ሰው ላይ። ጥያቄው ሳይታወቅ የተሞላ ሣጥን ለየትኛው እንደሚውል የሚወስነው በኋላ የሚያገኘው ሰው ነው።

ወደ አገራችን መጠይቆች ስንመለስ የሣጥኖቹን ዝርዝር ወርሰን ምክንያታቸውን እንዳልወረስን እናያለን። የትምህርት ደረጃን እንውሰድ፤ ለእኛ ሙያ ቅርብ የሆነው እርሱ ነውና። የተለመዱት አማራጮች «ያልተማረ»፣ «ማንበብና መጻፍ የሚችል»፣ «አንደኛ ደረጃ»፣ «ሁለተኛ ደረጃ»፣ «ኮሌጅና ከዚያ በላይ» የሚሉ ናቸው። ዳዊት ደግሞ፣ ጾመ ድጓ ዘልቆ፣ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ የስድሳ ዓመት ደብተራ በየትኛው ሣጥን ይገባል? ቁርአን ያኸተመ ሼህስ? ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሠፈሯ ጣቢያ ፊደል ቆጥራ የምስክር ወረቀት የተቀበለች፣ ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ጽሑፍ እጇ ያልገባ እናትስ? «ማንበብና መጻፍ የሚችል» የሚለው ሣጥን እነዚህን ሦስት ሰዎች በአንድ ላይ ያጉራቸዋል፤ አንዳንዴም ጠያቂው «ስንተኛ ክፍል ደርሰዋል?» ብሎ ስለሚጀምር ሁሉንም ያልተማሩ ያደርጋቸዋል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከዚህ የተሻለ መንገድ ይከተላል፤ ሁለተኛ ደረጃ ያልደረሰውን ሰው አንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ ሰጥቶ እንዲያነብ ይጠይቀዋል። የሕመም አጥኚዎቻችን ይህን ቢቀበሉ የሚከፍሉት ዋጋ የአንድ ካርድ ያህል ብቻ ነው።

ነገሩ ግን ከአከፋፈል ይከብዳል፤ ትምህርት የሕመሙ መለኪያ ራሱ ነውና። ዛሬ የሕመም መጠን በብዛት የሚለካው ታማሚው ከ0 እስከ 10 ቁጥር እንዲሰጠው በመጠየቅ ነው፤ ወይም ዐሥር ሴንቲ ሜትር በሆነች መሥመር ላይ ምልክት እንዲያደርግ ይጠየቃል። ዜሮ ምንም ሕመም የለም፣ 10 ሊታሰብ ከሚችለው ሁሉ የከፋ ማለት ነው። በመሥመር ላይ ርቀትን እንደ መጠን ማየት፣ ባዶነትን ዜሮ ብሎ ቁጥር ማድረግ፣ ያልደረሰበትን የከፋ ነገር አስቦ ከእርሱ ጋር ማነጻጸር፣ እነዚህ ሁሉ የትምህርት ቤት ልምዶች ናቸው። የመጀመሪያ ክፍል ያስተማረ ሁሉ የቁጥር መሥመርን ለማስያዝ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ያውቃል። እንግዲህ አንድ ጥናት ያልተማሩ ሰዎች የሕመም አማካይ ከተማሩት ከፍ ይላል ብሎ ቢደመድም ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ያልተማሩት ከባድ ሥራ ስለሚሠሩና ወደ ሐኪም ዘግይተው ስለሚሄዱ በእርግጥ የበለጠ ይታመማሉ፤ ወይም ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሜትር አልተለኩም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰፈረችው ምልክት እነዚህን ሁለቱን ልትለያቸው አትችልም። ስለዚህ ከመለካቱ በፊት መለኪያውን ማለማመድ ያስፈልጋል። በሕፃናት ሕክምና አራት የመጫወቻ ክብ ጠጠሮችን እንደ ሕመም ቁራጭ ቆጥሮ «ስንቱ አለብህ?» ብሎ መጠየቅ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው። እኛም ባቄላ ወይም ሽምብራ አናጣም፤ ዐዋቂውን ሳናሳንስ በመጀመሪያ የዛሬውን ብርድና የትናንቱን ብርድ በፍሬ እንዲመዝን፣ ከዚያ ሕመሙን እንዲመዝን ማድረግ እንችላለን።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ቃሉ ይመጣል። በ1975 እ.ኤ.አ. በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ሜልዛክ ያዘጋጀው ታዋቂ መጠይቅ 78 የሕመም ገላጭ ቃላትን በ20 ምድብ አስቀምጧል። እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መመለስ ሥራውን እንደ መጨረስ አይቆጠርም። በአማርኛ ሕመም ባለቤት ነው፤ ሰውየው የሚደረግበት ነው፤ ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይፈልጠኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይጠዘጥዘኛል እንላለን። ቃላቱም እያንዳንዳቸው ሥፍራ አላቸው፤ ቁርጠት የሆድ፣ ቁርጥማት የመገጣጠሚያ፣ ፍልጠት የራስ፣ ውጋት የጎን ነው። «ሕመም» የሚለው ቃል ራሱ በሽታንም ሥቃይንም ይዟል። «ሕመም አለብዎት?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «የለብኝም» ብሎ ሲመልስ፣ በሽተኛ አይደለሁም ማለቱ እንጂ ወገቤን አያመኝም ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ «አሞኛል» እና «ያመኛል» በሁለት ፊደል ልዩነት ሁለት ዓለም ናቸው። ታዲያ መጠይቁ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚል ሣጥን ቢኖረውም እንኳ ቃለ መጠይቁ በየትኛው ቋንቋ እንደተካሄደና መካከል ገብቶ የተረጎመ ሰው መኖሩን አይመዘግብም። እናትየው በሲዳምኛ የተናገረችውን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጇ በአማርኛ መልሶት፣ ሰብሳቢው በእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ ምልክት ሲያደርግ፣ በሠንጠረዡ ላይ የሚታየው የእናትየው ብሔረሰብ ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ከብሔረሰቡ ይልቅ ይህ የቃል ጉዞ ስለ ሕመሙ የበለጠ ይናገራል።

ሥራ የሚለው ሣጥን ደግሞ በተለይ ስለ ወገብ ሕመም ሲጠየቅ ባዶነቱ ጎልቶ ይታያል። «የቤት እመቤት» የሚለው ምልክት ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ማለትም ሃያ ኪሎ ውኃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከወንዝ የምታመጣዋን ሴትና በቤቷ ቧንቧ ያላትን ሴት እኩል ያደርጋቸዋል። «ገበሬ» የሚለውም በሬ ያለውንና በዶማ የሚቆፍረውን አይለይም። የመምህራኑም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በእጄ ካለፉት የዕጩ መምህራን ረቂቆች መካከል ስለ መምህራን የጀርባ ሕመም የሚጠይቁ አሉ፤ የመምህሩን ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ ጠይቀው በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚያስተምር፣ በፈረቃ ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ ሰሌዳው ለቁመቱ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ መሆኑን፣ የሰማንያ ተማሪ ደብተር በምን ዓይነት ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሚያርም ሳይጠይቁ ያልፋሉ። ለምን ሃይማኖቱን ጠየቃችሁ ሲባሉ መልሳቸው «የተለመደ ነው» የሚል ነው።

ስለ ዕድሜ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ዕድሜ በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ የመከማቸቱ ነገር የታወቀ ነው። አርባ ነኝ ያለ ሰው ሠላሳ ሰባትም አርባ ሦስትም ሊሆን ይችላል። ሰብሳቢው እንደ ጥንቱ የዘመን ምልክት ይዞ፣ በስድሳ ስድስቱ አብዮት ምን ያህል ነበሩ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅስ አግብተው ነበር ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። የትውልድ ዓመት ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲመለስ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መጨመሩም በየቅጹ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የወር ገቢም እንዲሁ፤ እህሉን በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰበስብን ሰው በወር መጠየቅ ግምት መቀበል ነው።

ሃይማኖት ግን ያለ ምክንያት የገባ ሣጥን አይደለም፤ ምክንያቱ ስላልተጻፈ ብቻ ከንቱ ሆኖ ይታያል። ጾመኛ ክርስቲያን ከቅዳሴ በፊት፣ ጾመኛ እስላም በረመዳን በቀን መድኃኒት ላይውጥ ይችላል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው አንዳንድ ጊዜ እስኪጨርስ ድረስ ክኒኑን ያቆያል። ይህ ሁሉ የማስታገሻን ሥራ በቀጥታ ይነካል። ነገር ግን «ኦርቶዶክስ» የሚለው ምልክት ሰውየው መጾም አለመጾሙን አይነግረንም። «ባለፈው ሳምንት የታዘዘልዎትን መድኃኒት ያልወሰዱበት ቀን ነበር? ስለ ምን?» የሚለው ጥያቄ ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ሃይማኖት በሕመሙ ላይ ያደረገውን ያመጣል፤ ከሃይማኖትም ሌላ የገንዘብን፣ የመንገድን፣ የባልን ፈቃድ ያመጣል።

ብሔረሰብን በሚመለከት የሎስ አንጀለሱን መንገድ እመርጣለሁ። ጥናቱ የሚመረምረው ሕክምናው ለሁሉም እኩል ይደረግ እንደሆነ ከሆነ ይጠየቅ፤ ምክንያቱም ለተጠያቂው ይነገረው። ከዚህ ውጭ ለልማድ ሲባል የሚጠየቅ ከሆነ ግን ዛሬ በአገራችን ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱ እንደሚጠቁር፣ የሚቀጥሉትንም መልሶች እንደሚያሳጥር መረጃ ሰብሳቢዎች ሁሉ ያውቃሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የብሔር ማንነትን፣ ሃይማኖትንና የጤና ሁኔታን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መካከል ይመድባል። የሕመም መጠይቅ ሦስቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ከሰውየው ስም ጋር የሚያሰፍር በመሆኑ፣ ያለ ምክንያት የተሞላ ሣጥን ከእንግዲህ የአሠራር ጉድለት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በኮሌጆቻችን የምርምር ዘዴ ትምህርት ሊደረግ የሚችለው ነገር ውድ አይደለም። ዕጩ መምህሩ በእያንዳንዱ ሣጥን ትይዩ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ይታዘዝ፦ ይህን የምጠይቀው ከሕመሙ ጋር በዚህ መንገድ ይገናኛል ብዬ ስለማስብ ነው የሚል። መጻፍ ካልቻለ ሣጥኑን ይሰርዘው። ከዚያም ገጹን ከመጠይቁ መጀመሪያ አንሥቶ ወደ መጨረሻው ይውሰደው። በባሕላችን «እንዴት ነዎት?» ለሚለው መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ወገቧ የተቀነጠሰም ይህንኑ ትላለች። ሰው ስለ ሕመሙ እውነቱን የሚናገረው ጠያቂው ከተቀመጠና ከተደማመጡ በኋላ ነው። ገቢውን፣ ሃይማኖቱንና ብሔረሰቡን አስቀድሞ የጠየቀው ሰው ግን እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ይታያል፤ ከቀበሌ ጸሐፊ ጋር ደግሞ ስለ ሥቃይ አይወራም።

አንድ የምጠብቀው ተቃውሞ አለ፤ ሁሉም የየራሱን ገጽ ካዘጋጀ ጥናቶች እንዴት ይነጻጸራሉ የሚል ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው። በአሜሪካ ሥር ስለ ሰደደ የወገብ ሕመም የሚያጠኑ ሰዎች ይኸው ችግር ገጥሟቸው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ ብሔራዊ የባለሙያዎች ቡድን ሁሉም ጥናት ሊይዛቸው የሚገቡ 40 ያህል ጥያቄዎችን መርጦ አውጥቷል። እኛም ቢያንስ ስለ መምህራን ሕመም ሲጠና የትምህርትን፣ የሥራ ጫናንና የቃለ መጠይቁን ቋንቋ የሚመለከቱ ጥቂት ጥያቄዎች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች በአንድ ዓይነት አነጋገር ተዘጋጅተው፣ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ተሞክረው እንዲታተሙ ማድረግ እንችላለን። ሥራው የትምህርትና የጤና ሚኒስቴሮችን አንድ ላይ መቀመጥ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ግን ከኮሌጆቹ ቢመጣ ይመረጣል፣ ሰሌዳው ፊት ስንት ሰዓት እንደሚቆም የሚያውቀው መምህሩ ነውና።